የትንፋሽ መለኪያ ይዘን ወደ ደቅ

ሐዋሳ ተመልሼ ሥራ ከገባሁ ወዲህ ባልደረቦቼ ስለ ባሕር ዳር ይጠይቁኛል። መስማት የሚፈልጉት ስለ ዓባይና ስለ ገዳማቱ ነው። እኔ ግን ከዘጠኙ ቀናት አብዛኛውን ያሳለፍኩት ሰዎች ቱቦ ውስጥ በኃይል እንዲተነፍሱ ስወተውት ነው። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ነርስ ነኝ፤ ስሜ ትዕግሥት ነው። የሳንባን አቅም በሚለካው ማሽን ስለሠለጠንኩ፣ በጣና ዳርቻ ለሚደረግ የሳንባ በሽታ ጥናት ለጥቂት ቀን በውሰት ሄድኩ።

ሰኞ

ማለዳ ከሐዋሳ ተነስቼ አዲስ አበባ ደረስኩ፤ በዚያ ሰሞን መንገዱ አስተማማኝ ስላልነበር ከዚያ ወዲያ በአውሮፕላን ሄድኩ። ባሕር ዳር ዘንባባዋን ሲያዩዋት ሐዋሳን ትመስላለች። ሐይቅ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ በዳርቻው ዓሣ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ። ልዩነቱ የሚገባችሁ ውሃው ፊት ስትቆሙ ነው። የኛን ሐይቅ አሻግራችሁ ተራራውን ታያላችሁ፤ የጣና ማዶ ግን አይታይም።

አብሮኝ የሚሠራው ዶክተር ይበልጣል የሚባል የአገሩ ልጅ ነው። ተረኛ ስለነበረ ሊቀበለኝ አልቻለም፤ ቤቱ ዓባይ ማዶ እንደሆነ ነግሮኝ በባጃጅ ሄድኩ። ድልድዩን ተሻግረን፣ ሁለት ጊዜ ተሳስተን፣ በሦስተኛው ባለቤቱ ሰብለ በር ላይ ቆማ አገኘናት። ሰብለ ኮሌጅ ውስጥ መምህርት ናት። ዕቃውን አውርደን፣ እግሬን ታጥቤ፣ ሽሮ ቀርቦልኝ ሳለ ነው ካርቶኖቹን የቆጠርኩት። አንዱ የለም። የጎደለው ማሽኑ በትክክል መለካቱን በየጠዋቱ የምናረጋግጥበት ትልቅ የፕላስቲክ ሲሪንጅ ነው። ያለ እሱ የምንለካው ሁሉ ዋጋ የለውም። የባለ ባጃጁን ስም እንኳ አልጠየቅኩም ነበር።

ማክሰኞ

ቁርስ ላይ በሩ ተንኳኳ። ባለ ባጃጁ ነው፤ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ሲሪንጁን በፌስታል ጠቅልለው ይዘውታል።

«እህቴ፣ ይች መንፊያ ያንች ናት?»

«የኔ ናት! ጋሼ፣ እንዴት አገኙኝ?»

«ማታ ሰፈሩን ዞርሁት፣ ቤቱ ጠፋኝ። ጠዋት ባለ ዳቦ ቤቷን ብጠይቃት አሳየችኝ።» ትንሽ አፈር አሉ። «አትቆጭኝ እንጂ ጎማዬን ልነፋባት ሞክሬ ነበር። አፏ አልገጥም አለኝ።»

ሰብለ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች። ሻይ ጠጥተው ሄዱ፤ የድካማቸውን ልከፍል ብል አሻፈረኝ አሉ።

ከሰዓት በኋላ ከይበልጣል ጋር ሳሎን ውስጥ ማሽኑን ፈታተሽነው። ማሽኑ ዕድሜ፣ ቁመትና ጾታ ይጠይቃል። ቀጥሎ ዘር ይጠይቃል። ዝርዝሩ ውስጥ ነጭ አለ፣ የአሜሪካ ጥቁር አለ፣ ሁለት ዓይነት እስያ አለ፣ በመጨረሻ ‹ሌላ› የሚል አለ። ኢትዮጵያዊ ወይም አፍሪካዊ የሚል የለም።

«እኛ የትኞቹ ነን?» አልኩት።

«የጥናቱ መመሪያ የአሜሪካ ጥቁር አድርጉ ይላል።»

«ደቅ ደሴት ላይ ያለ ገበሬ የአሜሪካ ጥቁር ነው?»

«ከተለኩት ውስጥ የሚቀርበን እሱ ነው ብለው ነዋ። እኛን መጥቶ የለካን የለም ማለት ይቻላል።»

ከዚያ አስረዳኝ። ማሽኑ ዝም ብሎ አይለካም፤ ያወጣችሁትን ትንፋሽ ከእናንተ ከሚጠበቀው ጋር ያስተያያል። ከጥቁር ሰው የሚጠብቀው ደግሞ ከነጩ ያነሰ ነው። አስተሳሰቡ ከባርነት ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው አለኝ። ትርፉ፣ ሁለት ሰዎች እኩል ቢተነፍሱ ነጩ «ታሟል»፣ ጥቁሩ «ደህና ነው» ሊባሉ ይችላሉ።

«ታዲያ ለምን አንቀይረውም?»

«ጥናቱ ሲጀመር የተወሰነ ነው። አንቺና እኔ ለክታችሁ ላኩ ተብለን ነው የምንሄደው።»

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ነገሩ ብዙም አልከበደኝም። ባትሪ ሞልቼ ተኛሁ።

ረቡዕ

በጠዋት ከወደቡ በጀልባ ተነሳን። ተሳፋሪው ከሽንኩርት ጆንያ፣ ከቆርቆሮና ከአንድ ትልቅ የስፖንጅ ፍራሽ ጋር ተደራርቦ ነው የተቀመጠው። ፍራሹ የአንዲት ሙሽራ ነው አሉኝ፤ ውሃ እንዳይነካው ሰው ሁሉ ተራ በተራ ይይዘዋል። የኔም ተራ ደርሶ ያዝኩ። ከሰዓት በፊት ነፋስ ተነሣና ጀልባው ይናጥ ጀመር። እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ ብዬ ስኩራራ የቆየሁት ሴትዮ ቁርሴን ለጣና መለስኩለት። አንዲት እናት ዝም ብለው ሎሚ ቆርጠው አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ።

ደቅ ስንደርስ መሪጌታ ልሳነወርቅ ወርደው ተቀበሉን። በደብሩ ዜማ የሚያስተምሩ፣ ቀጠን ያሉ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ይበልጣል ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ያውቃቸዋል። ማረፊያችን እሳቸው ቤት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናኑ ክፍል ጠርገው፣ የጤፍ ጭድ የተሞላ ፍራሽ ላይ አዲስ አንሶላ አንጥፈው ጠበቁን።

ምሳ ላይ አንድ ነገር አበላሸሁ። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ የቀኑን ጾም ረስቼዋለሁ። «እዚህስ ዓሣ ሞልቷል አይደል?» ብዬ ጠየቅኩ። መሪጌታ ወደ ጣሪያው አዩ። ወይዘሮ እናኑ ግን ፈገግ ብለው «ዛሬ ዓሣው ራሱ ጾመኛ ነው፤ ነገ ይፈታል» አሉና የሽምብራ ዓሣውን ወጥ ወደ እኔ አስጠጉልኝ። የሽምብራ ዱቄት በዓሣ ቅርጽ ተጋግሮ የተሠራ ነው። ከሐዋሳው እውነተኛ ዓሣ የማይተናነስ ነበር።

ሐሙስ

መሪጌታ በቅዳሴ ማብቂያ «የሳንባ ምርመራ መጥቷል፣ ወደ እኔ ቤት ኑ» ብለው ለሕዝቡ ተናግረው ነበር። ጠዋት ግቢው ሞላ። ዲያቆናት፣ ገበሬዎች፣ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ሽማግሎች መጡ። ወንዶች ናቸው። ሴቶች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም አንዷ ባሏን ልትጠራ የመጣች ናት።

ወንዶቹ ጉዳዩን ውድድር አደረጉት። ቱቦውን አፍ ውስጥ ማስገባት፣ አፍንጫን በመቆንጠጫ መያዝ፣ ሳንባ እስኪሞላ መሳብ፣ ከዚያ በኃይል መንፋት። «ንፉ! ንፉ! ንፉ! ይቀጥሉ!» እያልኩ ድምፄ ተዘጋ። መሪጌታ ሲነፉ ተማሪዎቻቸው ከበቧቸው። ዕድሜ ልክ ዜማ የቆመበት ሳንባ ነው፤ የማሽኑ መስመር ወደ ላይ ወጣ። «ገና ምኑ ተነካና!» አሉ በኩራት።

መጠይቁ አንድ ሰዓት ያህል አከራከረን። «ሲጋራ አጭሰው ያውቃሉ?» ብሎ ይጀምራል፤ በቀን ስንት፣ ለስንት ዓመት እያለ ይቀጥላል። ከዚያ ውጭ ስለ ጭስ የሚጠይቀው የለም። አንድ ቄስ ጥያቄውን ሲሰሙ ተነሥተው ሊሄዱ ነበር። መሪጌታ ናቸው ያረጋጓቸው። ግቢውን በሙሉ አንድም አጫሽ አላገኘንበትም፤ ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች «የለም» ሆኖ ዋለ።

ቀኑን ሙሉ ወይዘሮ እናኑ ለሰዉ ውሃ ያቀርባሉ፣ ጠላ ይቀዳሉ፣ ቆሎ ያዞራሉ። ለእኔና ለይበልጣል እንዳሉትም ዓሣ ሠሩልን።

ዓርብ

ጥናቱ ከተሳታፊው ግማሹ ሴት እንዲሆን ያዛል። ይበልጣል ለመሪጌታ ይህንን ሲነግራቸው ተገረሙ። «ሴቶቹን ማን ከለከላቸው? አዋጁ ለሁሉም ነው» አሉ።

የመለሱት ወይዘሮ እናኑ ናቸው። ከምንጭ ጀሪካን ይዘው መግባታቸው ነበር፤ የበሩ መቃን ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቆሙ።

«መሪጌታ፣ አዋጁ ሲነገር ሴቱ ከቅዳሴ ወጥቶ... ቤቱ ገብቷል። ምጣዱ ይጠብቀዋል።» ሁለት ጊዜ አቋርጠው ነው የጨረሱት። «ደግሞስ፣ በወንድ ፊት... ጉንጯን ነፍታ... የምትተፋ ሴት የት አይታችኋል?»

እኔ ያን ጊዜ የሰማሁት ያሉትን ነው። አረፍተ ነገሩ መሐል ትንፋሽ እየለቀሙ መሆኑን አላስተዋልኩም። ነርስ ነኝ፤ ሦስት ቀን በቤታቸው በልቻለሁ፣ ተኝቻለሁ። እቃቸውን ይዘው መቃኑ ላይ ሲቆሙ ደጋግሜ አይቻለሁ። ነገር የሚያስታውሱ ነበር የሚመስለኝ።

«ምን ይሻላል ታዲያ?» አልኳቸው።

«ነገ ቅዳሜ ነው፣ እንጨት አይፈለጥም፣ እህል አይፈጭም። እኔ እጠራልሻለሁ። ወንዶቹ ግን ከግቢው ይውጡ።»

መሪጌታ «እኔም?» አሉ።

«እርስዎም።»

ቅዳሜ

ከጓሮ ባለው ጠላ ቤት ውስጥ ነው ማሽኑን የተከልኩት። ግድግዳው ከጥቀርሻ የተነሣ ያብረቀርቃል። ወይዘሮ እናኑ ለደብሩ ዓመታዊ በዓልና ለማኅበሩ ጠላ የሚጠምቁት እዚህ ነው። አሻሮው የሚቆላውም፣ ለጠላ የሚሆነው ሊጥ ተፈርፍሮ የሚታመሰውም እዚሁ ነው። ይበልጣል ወንድ ስለሆነ ደጅ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ወረቀት ይሞላል፤ እኔ እየጮህኩ ቁጥሩን እነግረዋለሁ።

ሴቶቹ መጡ። መጀመሪያ ሳቁ፣ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። አንዷ ስትነፋ ሌሎቹ ዞር ይሉላታል። እየቆየ ግን ድምፃቸው ከፍ አለና «ንፊው! ጨርሽው!» እያሉ ከእኔ ተቀብለው ይጮሁ ጀመር። ስለ ሲጋራ ስጠይቅ ሳቁብኝ። እኔም ከወረቀቱ ጀርባ ሌላ ጥያቄ ጻፍኩ፤ ጭስ ቤት መዋል የጀመሩት ስንት ዓመታቸው ላይ ነው? ብዙዎቹ መልስ ለመስጠት ከሠርጋቸው በፊት ወዳለው ጊዜ መመለስ ነበረባቸው።

ወይዘሮ እናኑ የመጨረሻዋ ሆኑ። «እኔ ይቅርብኝ፣ የቤቱ ባለቤት ነኝ» አሉ። ሴቶቹ ግን ገፍተው አስቀመጧቸው። ሦስት ጊዜ ነፉ። በሦስተኛው ሳል ጀመራቸውና ለረጅም ጊዜ አልቆመም። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከንፈራቸውን አየሁት፤ ሰማያዊ ሊሆን የቀረበ ነበር።

ማሽኑ «በሚጠበቀው ውስጥ» አለ።

ደገምኩት። ያው ነው። ከዚያ ያልታዘዝኩትን አደረግኩ፤ ዘር የሚለው ላይ ተመልሼ ‹የአሜሪካ ጥቁር› የሚለውን ወደ ‹ሌላ› ቀየርኩት። ትንፋሹ ያው የሳቸው ትንፋሽ ነው፤ አንዲት ነጥብ አልተለወጠም። ማሽኑ አሁን «ከሚጠበቀው በታች» አለ።

ማሽኑን ይዤ ወደ ይበልጣል ወጣሁ። ሁለቱንም ውጤት አሳየሁት። በጥናቱ መመሪያ ወደ ሆስፒታል በነጻ የሚላከውና የሚታከመው ከመስመሩ በታች የወጣ ብቻ ነው።

ወይዘሮ እናኑ ተከትለውኝ ወጥተው ነበር። «ምን አለ?» አሉኝ።

ማሽኑን ዳግመኛ አየሁ።

«ልጄ፣ ታምሜአለሁ ወይስ አልታመምሁም? አንዱን ንገሪኝ።»

«እትዬ፣ ማሽኑ ሁለት ነገር አለ» አልኳቸው።

«ማሽንም እንደ ሰው ይወላውላል?» አሉና ዛፉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እኔስ ሰባት ዓመት ነው፣ ከምንጩ እስከ ቤት... አራት ጊዜ የማርፍ። ብርድ ነው ይሉኛል። እርጅና ነው ይሉኛል። አንችም ደህና ነሽ ካልሽኝ... እንግዲህ እኔ ነኝ የሰነፍሁ።»

ይህን የተናገሩት ያለ ምሬት ነው። እኔን የከበደኝም እሱ ነው።

እሑድ

ኔትወርክ የሚገኘው ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ኮረብታ ላይ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ወጥተን ለጥናቱ አስተባባሪ አዲስ አበባ ደወልን። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ሲስተር፣ ገብቶኛል» አሉ። «ግን አንቺ ለአንድ ሰው ከቀየርሽ፣ ሌላው ለሌላ ሰው ይቀይራል። መረጃው ይበላሻል። በመመሪያው መሠረት ሴትዮዋ ጤነኛ ናቸው።»

«ከንፈራቸውን አይተውት ቢሆን...»

«ከንፈር የሚመዘገብበት ሣጥን የለንም።»

ይበልጣል ስልኩን ተቀበለኝ። ረጋ ብሎ ተናገረ። ቁጥሩን በመመሪያው መሠረት እንልካለን፣ ሌላውንም ቁጥር ከጎኑ እንጽፋለን፣ ስለ ጭስ የጠየቅነውንም አያይዘን እንልካለን አላቸው። «ወይዘሮዋን ግን እኔ እንደ ሐኪም አይቻቸዋለሁ። ለጥናቱ ሳይሆን እንደ ታካሚ ይዣቸው እሄዳለሁ።» አስተባባሪው «ያን ልከለክልህ አልችልም» አሉ።

የቀረው መሪጌታን ማስፈቀድ ነው። በዓሉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ጠላው ገና አልተጀመረም። ይበልጣል ሁሉንም ሲያስረዳቸው መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አቀርቅረው ሰሙ።

«እኔ ሐሙስ ዕለት ስነፋ» አሉ በመጨረሻ፣ «ለተመልካቹ ውሃ ታቀርብ የነበረች እሷ ናት።»

ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና ለባለቤታቸው የክት ነጠላቸውን ራሳቸው አወጡላቸው። ወይዘሮ እናኑ «ጠላውስ?» ሲሉ ሰማን። «ጎረቤት ይጠምቃል። ባይጠመቅም ታቦቱ ይወጣል» አሉ መሪጌታ።

ሰኞ

ዓሣ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ጀልባ ተሻገርን። ወይዘሮ እናኑ ከደሴቷ ከወጡ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የመጨረሻው ለልጃቸው ሠርግ ነበር። እኔን ባሕሩ ሲያመኝ እሳቸው ሳቁብኝ፤ ሲስቁም ሳል ያዛቸው።

ሆስፒታሉ እንደኛው ነው። ያው ወረፋ፣ ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው ፋይል የታቀፈ ሰው። የይበልጣል የቀድሞ መምህር የነበሩ የውስጥ ደዌ ሐኪም ተቀበሉን። ወይዘሮ እናኑን ራጅ አስነሡ፣ ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያ አደረጉላቸው። ከዚያ የኛን ወረቀት ወደ ጎን አድርገው «ኮሪደሩን እስከ ጫፍ አብረን እንሂድ» አሏቸው።

ሄዱ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ወይዘሮ እናኑ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀጥ ብለው ተራመዱ፤ በሰው ፊት መድከም አይፈልጉም። ግማሽ ላይ ቆሙ። እጃቸው ግድግዳውን ፈለገ። መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ወርዶ ነበር። ሐኪሙ አላስቸኮሏቸውም፤ እሳቸውም አብረው ግድግዳውን ተደገፉ።

«ይህ የሳንባ በሽታ ነው፣ እናቴ» አሏቸው። «ከጭሱ ነው። የሚድን ባይሆንም የሚታከም ነው።»

ወይዘሮ እናኑ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ሰምተሻል?» አሉኝ። መታመሙ ተነግሮት እንዲህ የቀለለው ሰው አይቼ አላውቅም።

ያን ማታ ሰብለ ቤት አደሩ። በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት አጠቃቀም እኔ አስተማርኳቸው። ከማሽኑ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ በኃይል ማውጣት ነበር፣ እዚህ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ሰብለም ጠላ ቤቱ ጣሪያው ሥር መስኮት እንዲከፈትለት በወረቀት ሥላ ሰጠቻቸው፤ መሪጌታ ያሠሩታል ተባለ።

ማክሰኞ

የኔ አውሮፕላን ከሰዓት ነው፣ የሳቸው ጀልባ ጠዋት። ወደቡ ድረስ ሸኘኋቸው። ነፋስ የለም፤ ውሃው ጸጥ ብሏል። ጀልባው እስኪሞላ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ያ ያስነፋሽኝ ወዴት ይሄዳል?» አሉኝ።

«አዲስ አበባ ይሄዳል። ከዚያ ከሌላው ሰው ጋር ተደምሮ ውጭ አገርም ይላካል። ሐኪሞች ያነቡታል።»

«ስሜን ጻፍሽው?»

«ስም አይጻፍም፣ እትዬ። ሰው እንዳያውቅዎት ተብሎ በቁጥር ነው የሚገባው።»

አሰቡበት። «ሰው ቢያውቀኝ ምን ይለኛል?» አሉ። ቀጥለው ግን «እሺ፣ ቁጥሬስ ስንት ነው?»

ማስታወሻዬን ገልጬ ነገርኳቸው። አርባ ሦስት ናቸው።

«አርባ ሦስት» አሉ። ጀልባው ተጣርቶ ሲሳፈሩ፣ አንዲት የማያውቋት ሴት አጠገብ ሲቀመጡ አየሁ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ደረታቸውን በመዳፋቸው ነካ ነካ አድርገው ለሴትዮዋ ሲነግሯት ሰማኋቸው፦ «እኔ እኮ አርባ ሦስተኛዋ ነኝ። ተጽፌአለሁ።»